ፈንጂ ከመጨመራችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩ

«ድንጋዩ ትልልቅ ሆኖ ወጣ? ፈንጂ ጨምሩበታ!» ይህን ሳልሰማ ያለፈ ሽፍት ትዝ አይለኝም። ከመሬት በታች ማዕድን ደረጃ በደረጃ እየተናደ በሚወጣበት ሥራ ላይ ይህ ምክር ብዙ ጥፋት ያመጣል።

ከዋሻው ወደ ላይ የምንቆፍራቸው ቀዳዳዎች እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ናቸው። አፋቸው ይጠጋጋል፣ ጫፋቸው ይራራቃል። ሁሉንም እስከ አፋቸው ከሞላናቸው ፈንጂው ታች ይከማቻል። የዋሻው አፍ ይፈርሳል፣ ለነገ የተቆፈረው ረድፍም ይደፈናል። ላይ ያለው ድንጋይ ግን ያው ቋጥኝ ሆኖ ይወርዳል። ለዚህ ነው አንዱን ቀዳዳ እስከ አፉ ጥግ፣ ቀጣዩን ብዙ ባዶ ትተን የምንሞላው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቁፋሮው ላይ ነው። ማሽኑ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢስት የ30 ሜትር ቀዳዳ ጫፉ ከግማሽ ሜትር በላይ ይርቃል። በ2 ዲግሪ ከ1 ሜትር ያልፋል። ቀዳዳዎቹ ከተራራቁ መሃል ያለው ድንጋይ አይሰበርም። ከተቀራረቡ ቀድሞ የፈነዳው የጎረቤቱን ፈንጂ ተራው ሳይደርስ ሊያበላሸው ይችላል። አንድ ጊዜ ሦስት ረድፍ በተከታታይ ቋጥኝ ሆኖብን ፈንጂ ጨመርን። ባሰበት። አራተኛውን ስንለካው የማሽኑ የማዕዘን ማሳያ ተዛብቶ ኖሯል። እሱን አስተካክለን ፈንጂውን ወደ ድሮው መጠን መለስነው፤ ድንጋዩ ደቀቀ። እባካችሁ ርዝመቱንም፣ ማዕዘኑንም ለኩ። መደፈን አለመደፈኑንም እዩ።

«ሁሉም ድንጋይ የሚወርደው በፈንጂ ነው» የሚሉም አሉ። ብሎክ ኬቪንግ በሚባለው ዘዴ በዋናነት የሚፈነዳው የማዕድኑ ሥር ነው። የቀረው በራሱ ክብደትና በመሬቱ ጫና ይናዳል። «አልወረደም፣ ይቆይ» ማለት ደግሞ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አውስትራሊያ ውስጥ ኖርዝፓርክስ በሚባል የማዕድን ማውጫ ላይ ተንጠልጥሎ የቆየ አለት በአንዴ ወረደ። ከሥሩ የተገፋው አየር 4 ሰዎች ገደለ።

አንፎ (አሞኒየም ናይትሬትና ነዳጅ የተቀላቀለበት ፈንጂ) ውሃ ባለበት ቀዳዳ አይሆንም፤ አሞኒየም ናይትሬቱ ይሟሟል። ኢመልሽን የሚባለውን ውሃ የሚቋቋም ፈንጂ ተጠቀሙ። ጭሱ ስለጠፋ ብቻም አትግቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ በመሣሪያ ይለካ።

«ከትናንት ፍንዳታ በተረፈ ቀዳዳ ውስጥ መቆፈር ሥራ ያቀላል» የሚለውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ውስጡ ያልፈነዳ ፈንጂ ሊኖር ይችላል። ይህን ሊሞክር የነበረን ልጅ ማሽኑን አጥፍቼ አስወርጄዋለሁ። ባዶ ቢመስልም፣ በውሃ ቢታጠብም፣ አዲሱ ቀዳዳ ከእሱ ራቅ ብሎ ነው የሚቆፈረው።