ሌተርቦክሲንግ ምንድን ነው?

በእኛ አገር ደብዳቤ ተቀባዩን ቤቱ ድረስ ሲፈልገው ማየት ብርቅ ነው። ደብዳቤው ፖስታ ቤት ባለ፣ ቁጥሩ በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ አድሮ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ሣጥኑ መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሌተርቦክሲንግ በሚባለው ጨዋታ ግን ሣጥኑ ቁጥርም ቁልፍም የለውም። በእግር መንገድ ዳር፣ ከድንጋይ ጀርባ ወይም ከዛፍ ሥር ተደብቋል፤ ወደ እሱ የሚያደርሰው እንቆቅልሽ ብቻ ነው።

አንድ ሰው ውኃ የማያስገባ ትንሽ ዕቃ ይዞ ይወጣል። በውስጡ ደብተርና በእጅ የተቀረጸ የላስቲክ ማኅተም አለ። ዕቃውን ይደብቅና መገኛውን የሚጠቁም ፍንጭ ይጽፋል። ፈላጊውም የራሱን ማኅተም፣ የራሱን ደብተርና የማኅተም ቀለም ይዞ ይመጣል። ሲያገኘው የሣጥኑን ማኅተም በራሱ ደብተር ላይ፣ የራሱን ማኅተም በሣጥኑ ደብተር ላይ ያትማል፤ ቀኑንና ለጨዋታው ያወጣውን ስም ይጽፋል፤ ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ መልሶ ይደብቃል። ከሣጥኑ የሚወሰድ ነገር የለም። የማይተዋወቁ ሰዎች ይህን ያህል መተማመን መቻላቸው ነው እኔን ወደዚህ ጨዋታ የሳበኝ።

ስሙ የመጣው ከእውነተኛ ደብዳቤ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር የሚባል ነፋሻና ረግረግ የበዛበት ደጋ አለ። በ1854 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጄምስ ፔሮት የተባለ የቻግፎርድ መንገድ መሪ፣ ክራንሜር ፑል በተባለ ሩቅ ቦታ አንድ ጠርሙስ አስቀመጠ፤ እዚያ ድረስ የደከሙ እንግዶች የስም ካርዳቸውን እንዲተዉበት። በኋላ ሰዎች አድራሻ የጻፉበትን ደብዳቤ ወይም ፖስት ካርድ ይተዉ ጀመር። ቀጥሎ የሚደርሰው መንገደኛ ያንን አንሥቶ ሲመለስ በፖስታ ቤት ይልከዋል፤ የራሱን ደግሞ ለሚቀጥለው ይተዋል። ሰው ሲገኝ ደብዳቤ የሚልክ ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ መልእክተኛው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

ብዙዎች ይህን ጂኦካሺንግ ከሚባለው ሌላ የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ ጨዋታ ጋር ያምታቱታል። ያኛው የተወለደው በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች በተፈቀደው ጂፒኤስ (ቦታን በሳተላይት የሚለካ ሥርዓት) ላይ ሆን ብሎ ያኖረውን የልኬት መዛባት ባነሣ ማግሥት። ጂኦካሺንግ በሳተላይት የተለካ የቦታ ቁጥር ይሰጣል። ሌተርቦክሲንግ የሚሰጠው ቃል ነው፤ ስለዚህ ፍንጭ ጻፊው ከ"እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልሽ" የመጣ ችሎታ ያስፈልገዋል፤ ፈላጊውም "አገር ልስጥህ" ሳይል የሚታገሥ ልብ።

ፍንጭ ሲጻፍ ቃል ይመዘናል። "አርባ እርምጃ" ሲባል የማን እርምጃ? አንዳንዱ ጻፊ ግራና ቀኙን አንድ ላይ አንድ ብሎ ይቆጥራል፤ ያን ጊዜ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የባሰው ጥላ ነው። ለምሳሌ ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀትር ላይ የዛፍ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከሚያዝያ መባቻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን ፀሐይዋ ቀትር ላይ በስተሰሜን ስለምትሆን ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። "የቀትሩን ጥላ ተከተል" ብሎ በጥር የጻፈ ሰው፣ በሰኔ የሚመጣውን ፈላጊ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሰድደዋል። በአንጻሩ ሐይቁ አይዞርም። ከተማዋ በምሥራቅ ዳርቻው ስለሆነች፣ ሐይቁን ፊት ለፊት ያየ ሰው ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ኮምፓስ አያሻውም።

ማኅተሙም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እኛ ዘንድ ክብ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ዋጋ የለውም፤ እዚህ ግን ማኅተም የሚያስቀርጽ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ትልቅ ላጲስና ስለታም ምላጭ የያዘ ሰው ነው። ሥዕሉ ሲታተም ስለሚገለበጥ ፊደል ከተጨመረ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። የካዕብና የሣልስ ቅጥያ በስተቀኝ ነውና እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእህቴ ልጅ ስሟ በ"ሂ" ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ማኅተሟ ሲታተም የፊደሉ እግር በግራ ወጣ። በሁለተኛው ላጲስ ላይ ከ"ሂ" አጠገብ አንዲት ቆሮሶ ዓሣ ቀረጸች፤ ያ ግን አማረ።

በጥር፣ አንድ ወዳጄ ሐዋሳ ባለው ታቦር ተራራ ላይ ሣጥን ደብቆ ፍንጩን ላከልን፦ "ጀርባህን ለከተማው፣ ፊትህን ለሐይቁ ስጥ። መንገዱ ሁለት ከሚሆንበት በሽማግሌው እጅ ሂድ። አርባ ቁጠር፣ ሦስት ወንድማማቾች የተቃቀፉበትን እይ።" ሽማግሌው ወደ ግራ የተንጋደደ አሮጌ ግራር ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ አርባ ስትቆጥር ምንም የለም፤ የእርሷ እርምጃ አጭር፣ የወዳጄ ረጅም ነው። እኔ ከቆምኩበት ተነሥቼ ስቆጥር ሦስቱ ድንጋዮች ጋ ደረስን።

ዕቃው ክዳኑ በጥምዝ የሚዘጋ የፕላስቲክ ማሰሮ ነበር፤ በድርብ ላስቲክ ተጠቅልሏል። በሐዋሳ ይህ ቅንጦት አይደለም። ክረምቱ ደብተር ያበሰብሳል፤ ጦጣዎቹ ደግሞ ምግብ የሸተታቸውን ሁሉ ፈልቅቀው ያያሉ፤ ከረሜላም ሆነ ሽታ ያለው ነገር ፈጽሞ አይገባበትም። የቦታው ባለቤት ወይም ጠባቂ ፈቃድም ይጠየቃል። ለመደበቅ መሬት አይቆፈርም፣ ቅርንጫፍ አይሰበርም፣ የመቃብርና የጸሎት ስፍራ ድንጋይ አይነካም። ዳርትሙርም ቢሆን ጥንታዊ ፍርስራሽ ላይ መደበቅ ነውር ነው።

የሣጥኑ ማኅተም አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነበር፤ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አንገቱን ቀብሮ። ልጅቱ በደብተሯ ላይ አተመችውና ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያለች ጠበቀች። በሣጥኑ ደብተር ከእኛ በፊት አንድ ማኅተም ብቻ ነበር፤ ብስክሌት ነው፤ ማን እንደሆነ ወዳጄም አያውቅም። ቆሮሶዋን ከብስክሌቱ ሥር አተመች። ጭራሮ የተሸከሙ ሁለት ልጆች ሲወርዱ ሰማንና ማሰሮውን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ካለፉ በኋላ ወደ ቦታው መለስነው፤ ድንጋዩንም በነበረበት ጎኑ አስተኛነው።