«የመሬት መንቀጥቀጥን የሚቋቋም ሕንፃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «የማይሰነጠቅ» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው ግብ በከባድ መንቀጥቀጥ ጊዜ ሕንፃው ቢጎዳም እንኳ ሰው ላይ እንዳይደረመስ ነው። ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ ነው፣ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል፤ መሳቡን የሚችለው ፌሮው ነው። ፌሮው ሳይበጠስ እየተለጠጠ የንዝረቱን ኃይል ይውጣል።

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ ስታፋው ነው፤ የምሰሶውን ቋሚ ፌሮዎች እንደ መቀነት የሚያስረው ቀጭን ብረት። ጫፉ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ፣ የውጭው ኮንክሪት ሲረግፍ ሊከፈት ይችላል፤ ያን ጊዜ ቋሚው ፌሮ ይጎብጣል፣ ምሰሶውም ይከዳል። በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ግን እንደያዘ ይቆያል። ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ሄዳችሁ ጫፉን እዩ፤ ከተሞላ በኋላ አይታይም።