እንደ ሃይማኖት የተያዘ ቲፎዞነት ምንድን ነው?

ቲፎዞነት ሃይማኖት ሆነ ሲባል ሰው ኳስን እንደ ፈጣሪ አመለከ ማለት አይደለም። ሃይማኖት በሰው ኑሮ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ኳስ ሲሠራው ማለት ነው። የመሰብሰቢያ ቀን ይሰጣል። የሚለበስ ልብስ፣ አብሮ የሚባል ዜማ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ወገን ይሰጣል። ነገሩ ቃል በቃል የሆነበት ቦታም አለ። አርጀንቲና ሮዛሪዮ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. በማራዶና ስም «ቤተ ክርስቲያን» ተመሥርቷል። ተከታዮቹ ማራዶና የተወለደበትን ኦክቶበር 30 እንደ ገና ያከብሩታል።

ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የሚጠራው ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤሚል ዱርካይም ነው። በ1912 ባሳተመው ጥናቱ የአውስትራሊያን ነባር ነገዶች ሥርዓት መነሻ አደረገ። ሰዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው፣ ዓይናቸውን አንድ ነገር ላይ ጥለው፣ አብረው ሲጮኹና ሲያዜሙ ለብቻቸው የማያገኙት ስሜት ይግላል። ያ ግለት ነው ሰውን ከሰው የሚያስተሳስረው።

ዱርካይም ያለውን ለማየት ቅዳሜ ማታ ደብረ ብርሃን አንድ ዲኤስቲቪ ቤት መግባት ይበቃል። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሩ ላይ በጠመኔ «አርሴናል ከ ቼልሲ 2፡30» ተጽፏል። ውስጥ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። አንዱ ጋቢ ደርቧል፣ የማሊያው አንገት ግን ከላይ ብቅ ብሏል። ጎል ሲገባ የማይተዋወቁ ሰዎች ይተቃቀፋሉ። አናጺው፣ ተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የባንክ ሠራተኛው እዚያ እኩል ናቸው። ይህን ቀላል ነገር ነው ብዬ አላልፈውም። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ለሥራ መጥቶ ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለው ወጣት ወንድም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ አግዳሚ ላይ ነው።

ቡድኑ ከራሳችን ማንነት ጋር እንዴት እንደሚጣበቅም ተጠንቷል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በ1976 ባወጡት ጥናት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ተከታተሉ። ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የዩኒቨርሲቲያቸውን ልብስ የሚለብሱት በዙ። ያሸነፈውን ጨዋታ ሲያወሩ «እኛ» ማለትም ይቀናቸዋል። ሽንፈት ላይ «እኛ» ይቀንሳል።

አካልም አብሮ ይከፍላል። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ሙኒክ አካባቢ ጀርመን በተጫወተችባቸው ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም የገጠማቸው ሰዎች ከሌላው ጊዜ 2.66 እጥፍ ነበሩ። ይበልጥ የተጎዱት ቀድሞም የልብ ሕመም የነበረባቸው ናቸው።

ታዲያ መስመሩ የቱ ጋ ነው? ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቫለራንድ በ2003 ጥሩ መልስ ሰጥቷል። ሁለት ዓይነት ፍቅር አለ ይላል። አንዱ ከቀረው ኑሮህ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነው፤ ስትፈልግ ትተወዋለህ። ሌላው ግን አንተን ይነዳሃል፤ እየጎዳህም አታቆምም። ብስክሌት የሚወዱ ሰዎችን ሲያጠኑ በካናዳ በረዶና አንሸራታች መንገድ ላይ እንኳ መንዳት ያልተዉት ሁለተኛው ዓይነት ፍቅር የበረታባቸው ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል ትወዳለህ አይደለም። መተው ትችላለህ ወይ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ እራት አልበላም የሚል፣ ሚስቱን የሚያኮርፍ፣ ልጁ ስታናግረው የሚቆጣ ሰው መልሱን ቤተሰቡ ያውቀዋል። የአስቤዛው ብር ቤቲንግ ቤት ሲገባማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። በእኔ እምነት ቁማር የኳስ ፍቅር ውስጥ መቆጠር የለበትም።

ኳስ ከሃይማኖት የሚለይበትን ቦታ ግን ብዙ ሰው አያየውም። በሰሜን ሸዋ የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ማኅበሩ በወር አንድ ቀን ነው፣ በቅዱሱ ወይም በቅድስቷ ዕለት። ተራ አለው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል፣ ይበተናል። የጾም ወራት አለ፣ የፍስክ ወራት አለ። ግለቱን የሚሰጠው ሥርዓት ገደቡንም ይሰጣል። አባል ሐዘን ሲደርስበትም ማኅበርተኛው ድንኳን ውስጥ ይገኛል። ኳስ ግለቱን ሰጥቶ ገደቡን አልሰጠም። ቅዳሜና እሑድ ፕሪሚየር ሊግ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ቻምፒዮንስ ሊግ፣ ሐሙስ ዩሮፓ። ሲያልቅ ዝውውር ይጀመራል፣ ቴሌግራሙም አያርፍም። ገደቡን ማበጀት ለቲፎዞው ለራሱ ቀርቷል።

ይህ ደግሞ ይቻላል። የሁሉንም ቡድን ጨዋታ ማየት ግዴታ አይደለም፤ የራስ ቡድን ይበቃል። በፈረንጆቹ ክረምት የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት ሱቅ የሚከፍት ሰው ጎሎቹን ሲነጋ ስልኩ ላይ ያገኛቸዋል። ኳስ ማሳያ ቤት የተዋወቀውን ጓደኛ ኳስ በሌለበት ቀን መጠየቅም ያንን ወንድማማችነት እውነተኛ ያደርገዋል። እኔ ግን ከሁሉ የምመክረው ሜዳ ወርዶ መጫወትን ነው። በእኛ ከፍታና ብርድ ላይ አንድ ሰዓት የሮጠ ሰው «ይብቃኝ» የሚለው ማንም ሳይመክረው ነው።