ዲያቤቲስ፦ በስሙ ውስጥ ስኳር የለም

በሽታውን በአማርኛ «ስኳር» ስለምንለው፣ እንግሊዝኛው ዲያቤቲስም ያንኑ የሚል ይመስላል። ቃሉ ግን የመጣው ከግሪክ ነው፤ ጣፋጭ ነገርንም አያነሣም። ስለ ስሙና ስለ በሽታው የሚባሉ አራት ስሕተቶች ከነመልሳቸው እነሆ።

«ዲያቤቲስ ማለት ስኳር ማለት ነው።»
አይደለም። «ዲያ» በአንድ ነገር ውስጥ ማለፍን፣ «ባይኔን» መሄድን ይገልጻል፤ ሲጋጠሙ «አሳላፊ» እንደማለት ነው። ግሪኮች ፈሳሽ ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚያወርድን ቱቦም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲቀዳ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ አንዴ በአፍ ከተሳበ በኋላ ማንም ሳይነካው ይወርዳል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በቀጰዶቅያ፣ በዛሬዋ ቱርክ፣ የነበረው ሐኪም አሬቴዎስ የገለጸው ይህንኑ ነው፦ በሽተኛው ይጠጣል፣ የጠጣው ሳይቆይ ይወጣል፣ ሥጋው ቀልጦ ከሽንቱ ጋር የሚሄድ ይመስላል። ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። በደም ውስጥ ግሉኮስ ሲበዛ ኩላሊት ሁሉንም መልሶ መምጠጥ ያቅተዋል፤ የተረፈው ስኳር ውሃውን ጎትቶ ይወጣል። የማይረካው ጥም ከዚያ ነው።

«ሽንቱ ጣፋጭ መሆኑን የደረሱበት ግሪኮች ናቸው።»
ግሪኮች አይደሉም። የጥንት የህንድ ሐኪሞች «ማዱሜሃ»፣ የማር ሽንት፣ ይሉት ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ ጣዕሙን የጻፈው በ1670ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ማቲው ዶብሰን ደግሞ በ1776 ሽንቱን አትንኖ የቀረው ስኳር መሆኑን አሳየ። በበሽታው ሙሉ ስም፣ በ«ዲያቤቲስ ሜሊተስ»፣ ውስጥ ያለው «ሜሊተስ» የሚለው ቅጽልም ላቲን ነው፤ ማር ማር የሚል ማለት።

«ሽንት ላይ ጉንዳን ካልተሰበሰበ ስኳር የለም።»
ከሁሉም አደገኛው ይኼ ነው። ስኳር ወደ ሽንት ማለፍ የሚጀምረው ደም ውስጥ በዴሲሊትር 180 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ነው። በሽታው ግን በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ተለክቶ፣ በሌላ ቀንም ከተደገመ ተረጋገጠ ይባላል። ጠዋት 140 የሚለካ ሰው ሽንቱ ውስጥ ምንም ላይገኝ ይችላል። መመርመር ያለበት ደሙ ነው።

«ዲያቤቲስ የተባለ ሁሉ የስኳር ነው።»
ዲያቤቲስ ኢንሲፒደስ («ጣዕም የለሽ» ማለት ነው) ከስኳር ጋር ግንኙነት የለውም። ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘው ቫሶፕረሲን የተባለው ሆርሞን ሲያንስ ወይም ኩላሊት ለእሱ መልስ መስጠት ሲያቅተው፣ አዋቂ ሰው በቀን ከ3 ሊትር በላይ ውሃ የመሰለ ሽንት ይሸናል። የስሙ መመሳሰል ሐኪሞችን ጭምር አሳስቷል፤ ሆርሞኑን የሚተካው መድኃኒት፣ ዴስሞፕረሲን፣ ሳይሰጣቸው ሆስፒታል ውስጥ የሞቱ ታካሚዎች አሉ። በዚህ የተነሣ በ2022 እ.ኤ.አ. የሙያ ማኅበራት አዲስ ስም አቀረቡ፦ ሆርሞኑ ላነሰው «የቫሶፕረሲን እጥረት»። ካርዱ ላይ አሮጌው ስም ያለበት እንዲህ ያለ ታካሚ የሚያስፈልገው ዴስሞፕረሲን እንጂ ኢንሱሊን አይደለም።