አሜሪካ ለገባችሁ የአይን ባለሙያዎች፦ ስለ ላይሰንስ (የሙያ ፈቃድ) የሚወራው እና እውነታው

"ዲግሪዬን ካስገመገምኩ ስራ እጀምራለሁ"
አይሆንም። ኢቫሉዌሽኑ የሚነግራችሁ ትምህርታችሁ እዚህ ካለው ከየትኛው ጋር እንደሚስተካከል ብቻ ነው፣ ታካሚ እንድታዩ የሚፈቅደው የስቴቱ ቦርድ ነው። ህጉም እንደየስቴቱ ስለሚለያይ ሜሪላንድ እየኖራችሁ ቴክሳስ ያለ ጓደኛ የነገራችሁን ይዛችሁ አትሩጡ።

"የአይን ሐኪምም ኦፕቶሜትሪስትም መንገዱ አንድ ነው"
ብዙ ሰው ብርና ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው። ኦፍታልሞሎጂስት (የአይን ሐኪሙ) ሜዲካል ዶክተር ስለሆነ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ በሚያረጋግጠው ድርጅት በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ያልፋል፣ የሐኪሞች የላይሰንስ ፈተና የሆነውን የዩኤስኤምኤልኢን ስቴፕ 1 እና ስቴፕ 2 ይፈተናል። ኦፕቶሜትሪስትን (እይታ መርምሮ መነፅር የሚያዘውን ባለሙያ) ግን ዩኤስኤምኤልኢ አይመለከተውም፣ የሱ ፈተና ኤንቢኢኦ የሚባለው የኦፕቶሜትሪ ቦርድ ፈተና ነው፣ 3 ክፍል አለው፣ የመጨረሻው የተግባር ፈተና ስለሆነ ሻርለት ኖርዝ ካሮላይና ድረስ ሄዳችሁ ስሊት ላምፑ (አይን አጉልቶ የሚያሳየው መመርመሪያ) ላይ ቁጭ ብላችሁ ስትመረምሩ ይታያል። ከባዱ ነገር ደሞ ፈተናው ብቻ አይበቃም፣ ስቴቶቹ በአብዛኛው እዚህ እውቅና ካለው ኮሌጅ የኦዲ (የኦፕቶሜትሪ ዶክተር) ዲግሪ ይፈልጋሉ። ጎንደር ተምሮ ስንት አመት ታካሚ ሲያይ የኖረ ልጅ ይሄን ሲሰማ ወገቡ ቁርጥ ይላል፣ እኔንም በጣም ያሳዝነኛል። ግን 4 አመት ከዜሮ መጀመር ብቻ አይደለም ያለው፣ ቦስተን ያለው ኒው ኢንግላንድ ኮሌጅ ኦፍ ኦፕቶሜትሪ ውጭ ለተማሩ ባለሙያዎች አጠር ያለ ፕሮግራም አለው። ክፍያው ከባድ ነው፣ ማስረጃችሁ ይበቃ እንደሆነ ሳትጠይቁ ምንም አትክፈሉ።

"ትራንስክሪፕቱን ወንድሜ በፖስታ ይልክልኛል"
ኢሲኤፍኤምጂ ዲፕሎማችሁን የሚያረጋግጠው በቀጥታ ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሬጅስትራር ቢሮው ቶሎ ካልመለሰ ፋይሉ ይቆማል፣ ስለዚህ አገር ቤት የሚከታተልላችሁ ሰው ያዙ።

"ስፔሻሊስት ስለሆንኩ ሬዚደንሲ አልደግምም"
ሬዚደንሲው፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው የስፔሻሊቲ ስልጠና፣ በአብዛኛው ይደገማል፣ ኢንተርንሺፑን ጨምሮ 4 አመት፣ ውድድሩም ከባድ ነው። እርግጥ ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጭ ለሰለጠኑ ሐኪሞች ጊዜያዊ ላይሰንስ የሚሰጥ ህግ አውጥታለች፣ ሌሎች ስቴቶችም ተከትለዋል፣ ግን የራሱ መስፈርት አለው፣ "በቃ ሬዚደንሲ ቀረ" ብሎ ማስወራት ሰው ማሳሳት ነው።

"ላይሰንስ እስካገኝ ከሙያው ውጭ ነኝ"
ኧረ በፍፁም! ኦፍታልሚክ ቴክኒሺያን (የአይን ሐኪም ረዳት) ሆናችሁ ክሊኒክ መግባት ትችላላችሁ፣ ሲኦኤ የሚባለው የአይን ሕክምና ረዳት ሰርተፊኬትም ዲግሪ አይጠይቅም። ታካሚውን የፊደል ቻርት ታስነብባላችሁ፣ የአይን ግፊት ትለካላችሁ፣ ጠብታ ታደርጋላችሁ። በሽታው ይሄ ነው ብሎ መወሰንና መድሃኒት ማዘዝ አይቻልም፣ ግን ነገ ሪኮመንዴሽን የሚፅፍላችሁን ዶክተር የምታገኙት እዛ ነው።