የኢትዮጵያ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችና የአካባቢያቸው ነዋሪዎች

በኢትዮጵያ እስካሁን የተገነቡት ዋና ዋና የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አሸጎዳ፣ አዳማ 1፣ አዳማ 2፣ አይሻ 2 እና አሰላ ናቸው። አገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይሏን በብዛት የምታገኘው ከውኃ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነፋስ የሚፈለገው ለመደገፊያነት ነው። ክረምቱ አልፎ ግድቦች የያዙትን ውኃ እየቆጠቡ በሚለቁባቸው የበጋ ወራት፣ በደጋው ጠርዝ ላይ ነፋሱ ይበረታል። ሁለቱ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተካው አብረው መሥራት ይችላሉ።

የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በውስጡ ያለው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። መሐንዲሶች የኮረብታ አናትና ገላጣ ሜዳ የሚመርጡት ለዚህ ነው። በመካከለኛውና በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ እንዲህ ያለው ቦታ ገበሬ የሚያርሰው ወይም ከብት የሚሰማራበት ነው። የማመንጫዎቹ ታሪክም ከአካባቢው ሰው ታሪክ ተለይቶ ሊነገር አይችልም።

አሸጎዳ

አሸጎዳ የሚገኘው በትግራይ ክልል፣ ከመቀሌ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነው። የመቀሌ ዙሪያና የናዝሬት (የአሁኗ አዳማ) ነፋስ ለኃይል ማመንጫ እንደሚበቃ ያመለከተው በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በጂ.ቲ.ዜድ፣ የተደረገው ጥናት ነበር። የአሸጎዳን ግንባታ የወሰደው የፈረንሳዩ ቨርኜ ኩባንያ ሲሆን፣ ውሉ የተፈረመው በ2001 ዓ.ም. ነው። ወጪው 210 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ደርሷል። አብዛኛው ገንዘብ ከቢ.ኤን.ፒ ፓሪባ ባንክና ከፈረንሳይ የልማት ድርጅት በብድር ተገኝቷል።

ግንባታው ተጠናቆ ጥቅምት 16 ቀን 2006 ዓ.ም. በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ተመረቀ። በ84 ተርባይኖች፣ ማለትም በማማ ላይ ተተክለው ክንፋቸውን ነፋስ በሚያዞራቸው ማሽኖች፣ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቦታውን በቅርብ ያየ ሰው ተርባይኖቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ወዲያው ይለያል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የተተከሉት 30ዎቹ ቨርኜ ራሱ የሠራቸው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋ ዋት አቅምና ሁለት ክንፍ ብቻ አላቸው። ቀሪዎቹ 54ቱ የአልስቶም ሥሪት የሆኑ፣ የተለመዱት ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይኖች ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው አቅም 1.67 ሜጋ ዋት ነው።

በምረቃው ሰሞን አሸጎዳ «ከአፍሪካ ትልቁ» ተብሎ ብዙ ተነግሮለታል። ይህ መታረም አለበት፤ የግብፁ ዛፋራና ከዚያ በፊትም በብዙ ይበልጠው ነበር። ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ግን በጊዜው ቀዳሚ ነበር ማለት ይቻላል። ለአንድ የመጀመሪያ ሥራ ይህም ትንሽ ክብር አይደለም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ከተነሳ በኋላ የማመንጫው ሥራ ተቋርጦ ነበር።

አዳማ

አዳማ 1 ከአሸጎዳ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሥራ ጀመረ። 34 የጎልድዊንድ ተርባይኖች ያሉት ሲሆን አቅሙ 51 ሜጋ ዋት ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ 2 በ102 የሳኒ ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የአዳማ 2 ወጪ 345 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር፣ ቀሪው ከኢትዮጵያ መንግሥት ተሸፍኗል። ሁለቱንም የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በአማካሪነት ተሳትፈውበታል። ይህ እውቀት አገር ውስጥ መቅረቱ ከሜጋ ዋቱ ቁጥር እኩል ሊነገር ይገባዋል።

ከአዳማ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በእርሻ ወቅት የሚታየው ሁኔታ የነፋስ ኃይልን ጠባይ ይናገራል። በሬዎች ከማማው እግር ጥቂት እርምጃ ርቀው ያርሳሉ፤ የክንፉ ጥላ እየተሽከረከረ በጤፉ ማሳ ላይ ያልፋል። ግድብ ሸለቆውን በሙሉ ይውጣል። ተርባይን ግን ለዘለቄታው የሚይዘው የመሠረቱን ቦታና ወደ እሱ የሚያደርሰውን የጠጠር መንገድ ነው፤ የቀረው ይታረሳል፣ ይታጨዳል፣ ይጋጥበታል። ክሬን ለማስገባት የተሠራው መንገድም ለጋሪና ለታማሚ ማመላለሻ ያገለግላል።

አይሻ እና አሰላ

አይሻ 2 በሶማሌ ክልል፣ በጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ፣ በዶንግፋንግ ኩባንያ የተገነባ ባለ 80 ተርባይንና 120 ሜጋ ዋት ማመንጫ ነው። አካባቢው የአርብቶ አደር ነው።

አሰላ በአርሲ፣ በኢተያ አቅራቢያ፣ ከዴንማርክ በተገኘ ድጋፍና ብድር ተሠርቷል። በ29 የሲመንስ ጋሜሳ ተርባይኖች 100 ሜጋ ዋት ያህል ያመነጫል። ይህን ከአዳማ 1 ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። አዳማ 1 በ34 ተርባይን የሚሰጠው የአሰላን ግማሽ ነው፤ ምክንያቱም የአሰላው ክንፍ ዙሪያውን ሲዞር 132 ሜትር ስፋት ሲሸፍን፣ የአዳማ 1 የሚሸፍነው 77 ሜትር ነው። ተርባይኑ ሲተልቅ የሚቆፈረው መሠረትና የሚቆረጠው መንገድ ቁጥር ይቀንሳል፤ ከገበሬው ማሳ የሚነካውም እንዲሁ።

መሬትና ካሳ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በሌሎች አገሮች ባለመሬቱ ከኩባንያው በየዓመቱ ኪራይ ይቀበላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ለተወሰደ ይዞታ ካሳ ይከፈላል። አሸጎዳና ሁለቱ አዳማዎች ሲገነቡ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው የሚነሳ ባለይዞታ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። በምትኩ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ወደ ማባዛት አሳድጎታል፤ የተነሺዎችን ኑሮ መልሶ ማቋቋምንም ግዴታ አድርጓል።

የቀድሞው ካሳ በቂ ነበር ወይ የሚለው ያከራክራል። የሕጉ መለወጥ ግን ራሱ መልስ ይሰጣል። አንድ ጊዜ በእጅ የገባ ገንዘብ በኑሮ ውድነት ይሟሟል፤ ማሳ ግን በየመኸሩ ያበላል።

ሥራና መብራት

በግንባታው ወራት የቀን ሠራተኛ፣ ብረት አሳሪ፣ ሾፌርና ጥበቃ በብዛት ይፈለጋል። ተርባይኖቹ መዞር ከጀመሩ በኋላ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ከዚያም አብዛኛው የቴክኒክ ሙያ ይጠይቃል። ስለዚህ የአካባቢው ወጣቶች ዘላቂ ተጠቃሚ የሚሆኑት ግንባታው ሳያልቅ በሙያ ከሠለጠኑ ነው።

ነዋሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ የመብራት ነው፤ ተርባይኑ ደጃፋቸው ላይ እየዞረ ቤታቸው ለምን ይጨልማል? ከተርባይኑ የሚወጣው ኃይል በማማው አጠገብ ባለ ትራንስፎርመር ወደ 33 ሺህ ቮልት ያህል ከፍ ይላል፤ ከዚያም በማከፋፈያ ጣቢያ ይበልጥ ጨምሮ ወደ ብሔራዊው መረብ ይገባል። ቤት ውስጥ የሚገባው 220 ቮልት የሚገኘው በሌላ ጫፍ፣ ራሱን በቻለ የማከፋፈያ መስመርና ትራንስፎርመር ነው። ይህን መስመር የሚዘረጋውም ሌላ ተቋም ነው። የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማድረስ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። ለተርባይኑ ጎረቤት ቀበሌዎች መብራት የሚደርሰው የማከፋፈያ መስመሩ ወጪ ገና ከጅምሩ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ከተያዘ፣ አለዚያም አገልግሎቱ በገጠር ማዳረስ ዕቅዱ ካካተታቸው ነው።