የሱዳን ጦር፦ ታንክ የሞላው፣ እግረኛ ያነሰው ሠራዊት

ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተረከበችው ጦር ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቤተ መንግሥት ገባ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረችው በመኮንን መሪነት ነው። የሚገርመው ይህ አይደለም። ዋና ከተማዋን በአንድ ሌሊት የሚይዘው ሠራዊት ዳር አገር ያለውን ጦርነት ብቻውን ተወጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ተዋጊ ከሌላ ይዋሳል።

መሠረቱ የተጣለው በ1925 ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የሱዳን ወታደሮች ሲያምፁ፣ ጠቅላይ ገዢው ሰር ሊ ስታክም ካይሮ ላይ ሲገደል፣ እንግሊዞች የግብፅን ጦር አስወጥተው የሱዳን መከላከያ ኃይልን አቋቋሙ። ኤል ኦበይድ የግመል ጦር፣ ደቡቡም የራሱ የኢኳቶሪያ ጦር ነበረው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጃንዋሪ 1941 በኦሜድላ በኩል ድንበር ሲሻገሩ አብሮ ወደ ጎጃም የዘመተው የድንበር ሻለቃ የዚሁ ኃይል ክፍል ነው። ከነፃነት በኋላ መኮንኑ በአብዛኛው ከናይል ዳር፣ ተራው ወታደር ከኑባ፣ ከዳርፉርና ከደቡብ መሆኑ ቀጠለ። ወደፊት የሚመጣው ጣጣ እዚህ ውስጥ ተቀምጧል። ወታደሩን የወለደው መንደር ላይ ዝመት ሲባል ጦሩ እንደማይታመን አለቆቹ ያውቃሉ።

መፈንቅለ መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የካርቱምን አቀማመጥ ማወቅ ይበቃል። ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ በሁለቱ ናይሎች የተለያዩ፣ በድልድይ የተያያዙ ሦስት ከተሞች ናቸው። ጠቅላይ ሠፈሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ነው፤ ብረት ለበሱ ጦር አል ሸጀራ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥኑ ኦምዱርማን፣ የዋዲ ሰይድና አየር ኃይል ጣቢያ ከኦምዱርማን በስተሰሜን። ታንክ ያለው ድልድዩን ይዘጋል፤ ራዲዮ ጣቢያው የሰልፍ ሙዚቃ ያሰማል፤ መግለጫ ይነበባል። የሚከሽፈው አንድ ክፍል ከእጅ ሲያመልጥ ነው። በጁላይ 1971 ሻለቃ ሃሺም አል አታ የወቅቱን መሪ ጃፋር ኒሜሪን ከሥልጣን አውርዶ ሦስት ቀን ብቻ ቆየ። ከለንደን ይመጡ የነበሩ ተባባሪዎቹን የያዘውን አውሮፕላን ሊቢያ አስገድዳ አሳረፈችው፤ ካርቱም ያሉት ታንከኞች ደግሞ ለኒሜሪ ገቡ።

መኮንኖቹ ብቻቸውን መጥተው አያውቁም። በ1958 ጀነራል ኢብራሂም አቡድን ሥልጣን ያዝ ያሉት ራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ አብደላ ኻሊል ናቸው፤ በ1969 ኒሜሪን ኮሚኒስቶችና የአረብ ብሔርተኞች ደገፉ፤ በጁን 30 ቀን 1989 ከኦማር አል በሽር ጀርባ የሐሰን አል ቱራቢ ብሔራዊ እስላማዊ ግንባር ነበር። በቃሉ ሥልጣን የመለሰ ቢኖር ጀነራል ሲዋር አል ዳሃብ ነው፤ በ1985 ያዘ፣ በ1986 ለተመረጠ መንግሥት አስረከበ።

ወደ ተውሶው እንመለስ። በ1983 የቦር ጦር ሠፈር አምፆ የጆን ጋራንግ ንቅናቄ ከኢትዮጵያ መሬት መዋጋት ሲጀምር፣ ካርቱም የባጋራ ዘላኖችን አስታጥቃ ሙራሂሊን የሚባሉትን በዲንካ መንደሮች ላይ ለቀቀች። በሽር ሕዝባዊ መከላከያ የተባለውን ጨመረ። በኤፕሪል 2003 የዳርፉር አማፂያን ኤል ፋሸር አውሮፕላን ማረፊያ ገብተው አውሮፕላኖችን ሲያቃጥሉ መልሱ ጃንጃዊድ የተባለው ሚሊሺያ ሆነ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሚሊሺያ ደመወዙ ዘረፋ ነው፣ ጡረታ አይጠይቅም፣ ለሠራው ግፍም «የእኛ አይደለም» ማለት ይቻላል። በ2013 ይኸው ኃይል በመሐመድ ሃምዳን ዳጋሎ (ሄሜቲ) አዛዥነት ፈጥኖ ደራሽ ተባለ፤ በ2017 በሕግ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት በዳርፉር ያለውን የጀበል አሚር የወርቅ ማዕድን ያዘ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን የሚሰጠው አለቃ አላስፈለገውም።

ጦሩም የራሱ ኪስ አለው። የመከላከያ ኢንዱስትሪ ሥርዓት ከጥይት አልፎ በሲቪል ንግድ ውስጥም አለ። የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሃምዶክ የመንግሥት ሀብት አብዛኛው ከገንዘብ ሚኒስቴር እጅ ውጭ ነው ብለው በአደባባይ ማማረራቸው ይታወሳል።

በሽር በኤፕሪል 11 ቀን 2019 ሲወርድ ያወረዱት እንዲጠብቁት ያደራጃቸው ኃይሎች ናቸው። በጁላይ የጦሩ አዛዥ ጀነራል አብደል ፋታህ አል ቡርሃን ከፈጥኖ ደራሽ ሕግ አንቀጽ 5ን ሰረዙ፤ ኃይሉን ለጦሩ ሕግ ተገዢ የሚያደርገው አንቀጽ ያ ነበር። ሌላው ስህተት ብዙም አይነሳም። በጃንዋሪ 2020 የደኅንነቱ የኦፕሬሽን ክፍል አምፆ ተበተነ። በከተማ ውጊያ የሠለጠነ እግረኛ የነበረው እሱ ነበር፤ ሠፈሮቹን የወረሰው ደግሞ ፈጥኖ ደራሽ ነው። በኦክቶበር 2021 ሁለቱ ጀነራሎች አብረው ሲቪሉን መንግሥት ገለበጡ። ሥልጣንን ለሲቪል ለመመለስ በዲሴምበር 2022 በተፈረመው የማዕቀፍ ስምምነት ላይ ግን ተጣሉ። ጦሩ ፈጥኖ ደራሽ በሁለት ዓመት ይዋሃድ ሲል ሄሜቲ አሥር ዓመት ጠየቀ።

ውጊያው በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ሲፈነዳ ጉድለቱ ወጣ። ጦሩ አውሮፕላን፣ መድፍና ታንክ አለው፤ ቤት ለቤት የሚገባ ወታደር ግን ያንሰዋል። ተቀናቃኙ እስከ 100 ሺህ የሚገመት ሰው ነበረው፣ ብዙውም ለጥበቃ ተብሎ ከተማው ውስጥ ሰፍሯል። ታንክ ያለ እግረኛ መንገድ ላይ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ጦሩ ሠፈሩ ውስጥ ሆኖ በአየር ደበደበ። ቡርሃን ከተከበበው ጠቅላይ ሠፈር የወጡት በኦገስት ነው። በዳርፉር ደግሞ በኦክቶበርና በኖቬምበር ኒያላ፣ ዛሊንጌ፣ ኤል ጄኔይና እና ኤል ዳኢን ያሉት የክፍለ ጦር መምሪያዎች ተራ በተራ ወደቁ።

ለኢትዮጵያ ይህ ጦር ሩቅ ጎረቤት አይደለም። በ1972 የአዲስ አበባ ስምምነት 6 ሺህ የደቡብ ተዋጊዎች ወደ ጦሩ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር፤ ብዙዎቹ በኋላ አምፀው ወጡ። በ2020 መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦር ትኩረት ትግራይ ላይ በነበረበት ጊዜ የሱዳን ጦር አወዛጋቢው አል ፋሽቃ ገብቶ ሰሊጥና ማሽላ ያርሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን አስወጣ። ከ2023 ወዲህም በመተማና በኩርሙክ በኩል ስደተኛ ይገባል።

ጦሩ በ2025 የመጀመሪያ ወራት ዋድ መዳኒን፣ በማርች 21 ደግሞ ቤተ መንግሥቱን አስመለሰ። ድሮን ረድቶታል፤ እግረኛው ግን አሁንም የተውሶ ነው፦ የዳርፉር ንቅናቄዎች የጋራ ኃይል፣ እስላማዊው የአል በራ ኢብን ማሊክ ብርጌድ፣ እንዲሁም የሱዳን ጋሻ። በኦክቶበር ኤል ፋሸር ሲወድቅ ከ6ኛው ክፍለ ጦር ጎን ቆመው የተዋጉት እነዚሁ የዳርፉር ንቅናቄዎች ናቸው። የሱዳን ጋሻ አዛዥ አቡ አቅላ ኬይከል ደግሞ በ2023 ዋድ መዳኒን ለፈጥኖ ደራሽ የያዘው ሰው ነው፤ በኦክቶበር 2024 ጎራ ቀይሮ ያችኑ ከተማ ከጦሩ ጋር ተመልሶ ገባባት።